ወደ ፖይንት ሎቦስ ከመሄድዎ በፊት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በካሊፎርኒያ ከካርሜል ከተማ በስተደቡብ፣ በሀይዌይ 1 ዳር ስላለው የፖይንት ሎቦስ ጥብቅ የተፈጥሮ ሥፍራ ከቤይ ኤሪያና ከሳክራሜንቶ የደረሱን ጥያቄዎች ብዙ ናቸው። ከእነሱ መካከል የተወሰኑትን መርጠን መልሰናል። ሰዓቶቹ ሁሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታልኛለች፤ ፖይንት ሎቦስን ላሳያት እፈልጋለሁ። ጉልበቷን ስለሚያማት ብዙ መራመድ አትችልም። ባለፈው ክረምት ቅዳሜ ረፋድ 11 ሰዓት ላይ ደርሰን “ሞልቷል” ተብለን ተመልሰናል። ምን ይሻለኛል? (ከሳን ሆዜ)

መልስ፦ ከቻሉ በሥራ ቀን ይሂዱ። ቅዳሜ ወይም እሑድ የግድ ከሆነ ደግሞ በሩ በ8 ሰዓት ሲከፈት እዚያው ይገኙ። ውስጥ ያለው ማቆሚያ ወደ 150 መኪና ብቻ ነው የሚይዘው። ሰማዩ በጠራ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ሲወጣ ነው አንድ የሚገባው። ከሳን ሆዜ መንገዱ ካልተዘጋጋ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ስለሚወስድ ከ6 ሰዓት ተኩል በፊት መነሳት ነው። መግቢያው በመኪና 10 ዶላር ነው። ሀይዌዩ ዳር አቁሞ በእግር የሚገባ አይከፍልም፤ ነገር ግን ከበሩ እስከ ባሕሩ ያለው መንገድ ለታመመ ጉልበት አይሆንም። ሀይዌዩ ላይ የሚያቆም ሰውም የክልከላ ምልክቱን ያንብብ፣ ጎማው ከነጩ መስመር ሙሉ በሙሉ መውጣቱን ይይ፣ ቦርሳም መቀመጫ ላይ አይተው።

ለእናትዎ የምንመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው። በሩን እንዳለፉ ወደ ቀኝ ታጥፈው ዌለርስ ኮቭ ወደሚባለው ትንሽ ወሽመጥ ይውረዱ። መኪናው ውሃው ዳር ድረስ ስለሚገባ እናትዎ ጥቂት እርምጃ ብቻ ተራምደው ድንጋይ ላይ የተጋደሙ፣ ሲል የሚባሉ የባሕር አጥቢ እንስሳትን፣ አንዳንዴም በጀርባው የሚንሳፈፍ ኦተር የተባለ ሌላ የባሕር አጥቢ እንስሳ ማየት ይችላሉ። እዚያው አጠገብ ያለችውን አሮጌ የእንጨት ጎጆ የሠሯት በ1850ዎቹ የመጡ ቻይናውያን ዓሣ አጥማጆች ናቸው፤ ዛሬ ትንሽ ሙዚየም ሆናለች። ጎንበስ ብለው ከወለሉ ሥር ይመልከቱ፤ ወለሉን ከተሸከሙት ነገሮች መካከል የዓሣ ነባሪ የአከርካሪ አጥንት አለበት።

ከዚያ ወደ ሲ ላየን ፖይንት (የባሕር አንበሳ ጫፍ) ማቆሚያ ይንዱ። የእግር መንገዱ ደርሶ መልስ 0.6 ማይል፣ ማለትም አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መጀመሪያው ደልዳላ ነው፤ ጉልበት የሚፈትነው መጨረሻው ላይ ያለው የድንጋይ ደረጃ ስለሆነ እናትዎ ከደረጃው በላይ ይቆዩ። የባሕር አንበሶቹ ጩኸት እዚያ ድረስ ይሰማል። “ሎቦስ” የሚለው ስምም የመጣው ከእነሱ ነው፤ ስፔናውያን የባሕር ተኩላ ነበር የሚሏቸው።

ከዚሁ ማቆሚያ የሚነሳው የሳይፕረስ ግሮቭ መንገድ 0.8 ማይል ዙሪያ ነው። ደረጃና ወጣ ገባ ስላለው ለእናትዎ ሳይሆን ለእርስዎ ነው፤ ሌላ ሰው አብሯቸው ካለ ግን እንዳያመልጥዎት። የአገራችን የፈረንጅ ጥድ ዘመድ የሆነው የሞንቴሬይ ሳይፕረስ ሰው ሳይተክለው የሚበቅለው በዓለም ላይ በሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ አንዱ እዚህ፣ ሌላው ከካርሜል ባሕረ ሰላጤ ማዶ ፔብል ቢች አጠገብ። ግንዱ ላይ የሚታየው ብርቱካናማ ነገር ዛፉ ታሞ አይደለም። አልጌ ነው፤ ቀለሙን የሚሰጠው ካሮትንም ብርቱካናማ የሚያደርገው ንጥረ ነገር ነው።

ደቡብ ጫፍ ላይ ያለው የበርድ አይላንድ መንገድ ብዙ ይወደሳል፤ ቻይና ኮቭ የሚባለውን አረንጓዴ ውሃ ከላይ የሚያሳየውም እሱ ነው። ግን ከማቆሚያው ሲነሳ ደረጃ አለው። ሁሉን በአንድ ቀን እናዳርስ ማለት ከማቆሚያ ማቆሚያ እየተንከራተቱ መዋል ነው።

ጥያቄ፦ በሚያዝያ ከልጆቼ ጋር ሄደን አንዲት የሲል ግልገል ብቻዋን አሸዋ ላይ ተኝታ አየን። አንድ ጎብኚ “ደርቃለች” ብሎ ውሃ ሊያፈስባት ሲል ሌሎች ከለከሉት። ልጆቼ እስካሁን “እናቷ መጣች ወይ?” ይሉኛል። (ከሳክራሜንቶ)

መልስ፦ የከለከሉት ሰዎች ትክክል ናቸው። የሚያዝያና የግንቦት ወራት ሃርበር ሲል የሚባለው የሲል ዓይነት የሚወልድባቸው ናቸው። እናቲቱ ግልገሏን ዳር ላይ ትታ ዓሣ ፍለጋ ትሄዳለች፤ አንድ ወር ያህል እያጠባች የምትኖረውም እንዲሁ እየተመላለሰች ነው። ስለዚህ ብቻዋን የተኛች ግልገል አብዛኛውን ጊዜ የጠፋች ሳትሆን የምትጠብቅ ናት። አስቸጋሪው የሰው መሰብሰብ ነው። እናት ከውሃው ውስጥ ራሷን ብቅ አድርጋ ትመለከታለች፤ ዳሩ ላይ ሰው ካለ አትወጣም፤ ግልገሏም ሳትጠባ ትውላለች። አንዳንድ የባሕር ዳርቻዎች በዚህ ወቅት የሚዘጉት ለዚህ ነው።

ውሃ ማፍሰስም ጉዳት ነው። ሲል ከባሕር የሚወጣው ለማረፍና ለመሞቅ ስለሆነ ቆዳው ቢደርቅ ምንም አይሆንም። ቢያንስ 45 ሜትር ይራቁ፤ የባሕር አጥቢ እንስሳትን ማወክ በ1972 በወጣ የፌዴራል ሕግም ያስቀጣል። ቁስል፣ አንገት ላይ የተጠመጠመ ገመድ ወይም የሚታይ መክሳት ካለ ቦታውን በደንብ አስተውለው ለሬንጀር ይንገሩ።

ለልጆችዎ አንድ መለያ እንስጣቸው። የባሕር አንበሳ ከውጭ የሚታይ ትንሽ ጆሮ አለው፣ በፊት ክንፎቹ ተደግፎም ይራመዳል። ሲል ግን የጆሮ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው፤ በሆዱ እየተሳበ ነው የሚሄድ። ኦተር ደግሞ ኬልፕ በሚባለው ረጅም የባሕር አረም ራሱን ጠቅልሎ ውሃ ላይ ይተኛል። ከቅዝቃዜው የሚጠብቀው የስብ ሽፋን ስለሌለው በቀን የክብደቱን ሩብ ያህል መብላት አለበት፤ ደንግጦ በጠለቀ ቁጥር ጉልበት ያባክናል። የትኛውም እንስሳ ራሱን ቀና አድርጎ እርስዎን ማየት ከጀመረ ቀርበዋል ማለት ነውና ወደ ኋላ ይበሉ።

ጥያቄ፦ የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች 15 ሆነን ልንሄድ ነው። የጾም ምግብ ይዘን፣ እዚያው ቡና ማፍላት እንችላለን? (ከኦክላንድ)

መልስ፦ ቡናውን ቤት አፍልታችሁ በቴርሞስ ያዙ። ከሰልም ሆነ የጋዝ ምድጃ አይፈቀድም፤ እሳት የሚፈልግ ነገር ሁሉ፣ ዕጣኑም ጭምር፣ ይቅር። ምግብ የሚበላው ለዚህ በተለዩት ቦታዎች ብቻ ነው፦ ዌለርስ ኮቭ፣ ፓይኒ ዉድስና በርድ አይላንድ ማቆሚያ አጠገብ። በእግር መንገዶቹ ላይ ከውሃ በቀር ምንም አይበላም፣ አይጠጣም። ፍርፋሪ የለመዱ ወፎች ተሰብስበው የሌሎቹን ወፎች እንቁላልና ጫጩት ስለሚበሉ ነው። 15 ሰው በአምስት መኪና ከመምጣት በሦስት መኪና ተጠጋግቶ መምጣት ይሻላል።

ቦታ ጠፍቶ በስተሰሜን ወደሚገኘው ሞናስተሪ ቢች ልትሄዱ ትችሉ ይሆናል፤ ስሙ ከአጠገቡ ካለው የካርሜላይት ገዳም የመጣ ነው። ከአሸዋው ላይ ሆኖ ማየት ጥሩ ነው፤ ውሃው ጋ መጠጋት ግን አይታሰብ። ጥልቅ የባሕር ውስጥ ሸለቆ እስከ ዳርቻው ስለሚደርስ ማዕበሉ ኃይሉ ሳይቀንስ ይመጣል። አሸዋውም ቁልቁለት ስለሆነ የወደቀ ሰው ለመነሳት ሲሞክር ከሥሩ ይንሸራተታል፤ ብዙ ሰው ሞቶበታል። ፖይንት ሎቦስ ውስጥም ቢሆን እርጥብ ድንጋይ ላይ አትቁሙ፤ እርጥብ የሆነው ማዕበል ስለደረሰበት ነው። ባሕሩ ለ15 ደቂቃ ጸጥ ማለቱ ቀጣዩ ማዕበል ትንሽ ነው ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ ከጉዞው በሁለተኛው ቀን እግሬ ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ ወጣብኝ። ትኋን ይሆን? (ከሳን ሆዜ)

መልስ፦ ሐኪም ካላየው ማረጋገጥ አይቻልም፤ እዚያ አካባቢ ግን የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ፖይዝን ኦክ የሚባለው፣ ዘይቱ ቆዳን የሚያሳክክ ተክል ነው። በአንድ ዘንግ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው የሚወጡ ቅጠሎች አሉት፤ በጸደይ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ፣ በበጋው መጨረሻ ቀይ ነው። በክረምት ቅጠሉ ረግፎ ባዶ እንጨት ሲመስልም ዘይቱ ግንዱ ላይ አለ። ሽፍታው ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ቆይቶ ነው የሚወጣው።

ከእግር ጉዞ እንደተመለሱ ቆዳዎን በሳሙናና ቀዝቀዝ ባለ ውሃ ይታጠቡ፤ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ዘይቱን በደንብ ያነሳል። ብዙዎች የሚረሱት የጫማ ማሰሪያውን ነው። ዘይቱ እዚያ ላይ ቆይቶ ጫማውን በሚቀጥለው ሲያስሩ እንደገና እጅዎን ይነካል። ከውኃ ቋጠሮው የሚወጣው ፈሳሽ ግን ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። ካላሚን ሎሽንና ቀዝቃዛ ጨርቅ ማሳከኩን ያስታግሳሉ፤ ፊትን ወይም ዓይንን ከነካ፣ ወይም ትኩሳት ካለ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። በጠባቡ መንገድ ላይ ረጅም ቀሚስና የሚንዘረፈፍ ነጠላም ጥሩ ልብስ አይደሉም።

ጥያቄ፦ ዓሣ ነባሪ ለማየት መቼ እንሂድ? (ከሳክራሜንቶ)

መልስ፦ ግራጫው ዓሣ ነባሪ በታኅሣሥና በጥር ወደ ሜክሲኮ ሲወርድ ከዳር ሆኖ ይታያል፤ ከየካቲት ጀምሮ ደግሞ ወደ ሰሜን ይመለሳል። በሚያዝያና በግንቦት እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ዳርቻው ስለሚጠጉ ለዓይን ይቀላል። ነፋስ ሳይነሳ በጠዋት ባይኖኩላር ይዛችሁ ባሕሩን ቀስ ብላችሁ ቃኙ። ትንፋሹ ሦስት አራት ሜትር ወደ ላይ የሚበተን ጭጋግ ነው፤ ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ ከተነፈሰ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ስለሚጠልቅ ጠፋ ብላችሁ አትሂዱ። በሐምሌና በነሐሴ ሳን ሆዜ በሙቀት ስትነድ እዚያ ጉም ስለሚሆን ጃኬት ሳይዙ መሄድ አይገባም። ለጠራ ሰማይ መስከረምና ጥቅምት ይሻላሉ።

ጥያቄ፦ ውሻዬን መኪና ውስጥ ትቼ መግባት እችላለሁ? (ከኦክላንድ)

መልስ፦ አይቻልም። መኪና ውስጥ ያለ ውሻም በሩን አያልፍም። ውሻዎን ይዘው ከወጡ ካርሜል ከተማ ያለው የባሕር ዳርቻ ይፈቅዳል።