ካርታው ላይ ባዶ ስለሚመስለው ቦታ

ራዲዮ ለምትወዱ ልጆቼ፣

አንዳንዶቻችሁ የማን የራዲዮ ምልክት የት እንደተሰማ የሚያሳየውን፣ «ፒ ኤስ ኬ ሪፖርተር» የሚባለውን ካርታ ስልካችሁ ላይ ስትከታተሉ አያለሁ። ደስ ይለኛል። ጃፓን ያለ አማተር (ራዲዮን ለፍቅሩ ብሎ የሚሠራ ሰው) ምልክቱ ጣሊያን ሲደርስ፣ የብራዚሉም ስፔን ሲደርስ ወዲያው በመስመር ታያላችሁ። መስመሩ ግን ተሰማ ማለት እንጂ ተነጋገሩ ማለት አይደለም።

ዋናው ጉዳዬ ሌላ ነው። መስመር የሚሰመረው ሞገድ ስለሄደ ብቻ ሳይሆን፣ ጫፉ ላይ የሚያዳምጥ ሰው ስላለ ነው። አውሮፓ በነጥብ ተጨናንቆ አፍሪካ የሳሳው ሰማዩ ስለተዘጋብን አይምሰላችሁ። ሰምቶ የሰማውን የሚያሳውቅ ጣቢያ ጥቂት ስለሆነ ነው። ሞገዱማ በላያችን ያልፋል።

የሚያስቆጨኝም ይኸው ነው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ የሚያልፈው በአገራችን ላይ ነው። በዚህ አካባቢ አየኖስፌር፣ ማለትም የአጭር ሞገድ ራዲዮን ወደ ምድር የሚመልሰው የላይኛው የአየር ክፍል፣ የራሱ ጠባይ አለው፤ በተለይ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ይታወካል፣ የራዲዮ ምልክትም ይዋዥቃል። ይህን ከኛ የተሻለ ቦታ ሆኖ የሚከታተል ማን አለ?

ስለዚህ በማዳመጥ ጀምሩ። ለማሰራጨት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያለፈቃድ እንዳትሞክሩት። ለመስማት ሳይድ ባንድ (አማተሮች የሚጠቀሙበትን የስርጭት ዓይነት) የሚቀበል የአጭር ሞገድ ራዲዮ፣ ጣሪያ ላይ የተዘረጋ ሽቦና ምልክቱን የሚፈታ ፕሮግራም ያለበት ኮምፒውተር ይበቃል። ተራው የቤት ራዲዮ አይሆንም። 14.074 ሜጋኸርዝ ላይ አድርጉት። እዚያ የሚሰማው ኤፍ ቲ ኤይት፣ ኮምፒውተሮች አጫጭር መልእክት በራዲዮ የሚለዋወጡበት፣ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ዘዴ ነው፤ ከሠሩት ሁለት ሰዎች አንዱ በ1993 እ.ኤ.አ. በፊዚክስ ኖቤል የተሸለሙት ጆ ቴይለር ናቸው። ሥራው በየ15 ሴኮንዱ በተራ ነው። የኮምፒውተራችሁ ሰዓት ጥቂት ሴኮንድ ከተዛባ ምንም አይነበብላችሁም። ብዙ ጀማሪ ሰዓቱን ሳያይ አንቴናውን ሲነቃቅል ይውላል።

ፕሮግራሙ ላይ የቦታ መለያችሁንም በትክክል ጻፉ። ዓለም በኬንትሮስ 2 ዲግሪ፣ በኬክሮስ 1 ዲግሪ በሆኑ ሳጥኖች ተከፍላለች፤ እያንዳንዱ ሳጥን የራሱ መለያ አለው። አዲስ አበባን 9ኛው የኬክሮስ ዲግሪ መሀሏን ይሰነጥቃታል፤ አምስት ኪሎ ኬጄ99 ሲሆን ቦሌ ኤርፖርት ኬጄ98 ነው። የጎረቤት መለያ ገልብጣችሁ እንዳትጠቀሙ።

ከዚያ ኮምፒውተሩን አንድ ቀን ብቻ ከፍታችሁ አትተዉት። ክረምትና በጋ ይለያያሉ። ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊትና በኋላ የትኛው አገር እንደተሰማ፣ የትኛው እንደጠፋ በደብተር ያዙ።

አምስት ኪሎ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ፣ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ የሚባል የአማተር ራዲዮ ክበብ ጣቢያ አለ። ደብተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። አንቴናውን ብቻ አይታችሁ እንዳትመለሱ፤ «እስኪ መዝገባችሁን አሳዩን» በሉ።