የአንባቢያን ጥያቄ፦ የዘጌን ሥዕል ለማያይ ሰው እንዴት እንግለጸው?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የሰንበት ትምህርት ቤታችንን የፌስቡክ ገጽ እናዘጋጃለን። ከዘጌ ገዳማት ያነሣናቸውን ሥዕሎች ስንለጥፍ፣ ዓይነ ስውራን ተከታታዮቻችን ስልካቸው «ፎቶ» ብቻ ብሎ እንደሚያልፋቸው ነገሩን። ምን ብለን፣ ምን ያህል እንጻፍ?

መልስ፦ የስልኩ አንባቢ ፕሮግራም የሚያሰማው ፎቶውን በምትለጥፉበት ጊዜ በአማራጭ ጽሑፍ (alt text) ቦታ የሞላችሁትን ነው። እዚያ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ገድሉንና ታሪኩን በዋናው ጽሑፍ አኑሩት። «ይህ ፎቶ የሚያሳየው» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ፎቶ መሆኑን ፕሮግራሙ ቀድሞ ተናግሯል። የግድግዳ ይሁን የብራና ሥዕል ግን ንገሩት።

መጀመሪያ ማን እንደሆነ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ፣ ከዚያ ዙሪያውን። እንዲህ፦ «የግድግዳ ሥዕል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ከፈረሱ እግር ሥር ያለውን ዘንዶ በጦር ይወጋል። ብሩታዊት የተባለችው ልጃገረድ ዛፍ ላይ ሆና ታያለች።»

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ጸሐፊው ያየውን ትቶ የሚያውቀውን ሲጽፍ ነው። በላዔ ሰብእ 78 ሰው መብላቱን፣ ጥርኝ ውኃ ማጠጣቱን ይተርክና ነፍሱ የምትመዘንበትን ሚዛን ማን እንደያዘ፣ እመቤታችን በየት በኩል እንደቆመች ሳይናገር ይጨርሳል። ታሪኩንማ ሰሚው በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ሰምቶታል! የጎደለው ሠዓሊው እንዴት አድርጎ እንዳሳየው ነው።

ዓይንን አትርሱ። በጥንቱ አሣሣል ቅዱሳን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች ደግሞ በጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ለሚያይ ሰው ግልጽ ስለሆነ ማንም አይጽፈውም። «ወታደሮቹ በጎን ተሥለዋል፤ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል» ብትሉ የሠዓሊውን ፍርድ አደረሳችሁ።

ቀኝና ግራም ያሳስታል። በምስለ ፍቁር ወልዳ እመቤታችን ልጇን በግራ ክንዷ ብታቅፈው፣ ለተመልካቹ ሕፃኑ በስተቀኝ ነው። ስለዚህ «በግራ ክንዷ፣ በሥዕሉ በስተቀኝ» በሉ። ቀለምም ጻፉ፤ ከሰሚዎቻችሁ መካከል አይተው ኋላ ብርሃናቸውን ያጡ አሉና ሰማያዊው መጎናጸፊያ ይታወሳቸዋል። በሥዕሉ ላይ የግእዝ ጽሑፍ ካለ እንዳለ ገልብጣችሁ ትርጉሙን አክሉ። ከግርጌ ያለ ትንሽ ሰውም አይዘለል፤ በጣና ደቅ ደሴት ባለው በናርጋ ሥላሴ ከእመቤታችን እግር ሥር የተደፋችው እቴጌ ምንትዋብ ናት፣ ቤተ ክርስቲያኑን ያሠራችው።

ከመለጠፋችሁ በፊት ሥዕሉን ላላየ ሰው አንብቡለትና ሰዎቹን በሲኒ መስሎ ጠረጴዛ ላይ ይደርድርላችሁ። ሲኒው የተሳሳተ ቦታ ካረፈ ጽሑፉን አርሙ።

ጥያቄ፦ ሥዕሉ ተልጦ ማንነቱ ባይታወቅስ?

መልስ፦ በግምት ስም አትስጡ። «ፊቱ የተላጠ፣ መስቀል የያዘ ቅዱስ» ብላችሁ ጻፉና የገዳሙን አባቶች ጠይቁ፤ ሲነግሯችሁ አስተካክሉት።