ከቀጠሮ የሚቀሩት ሰዎች ነገር

ከደሴ የጻፍሽልኝ ነርስ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ክፍል ውስጥ አራት ዓመት ሠርተሻል። ታካሚዎችሽ መድኃኒት ያቋርጣሉ፣ ከቀጠሮ ይቀራሉ፣ ከወራት በኋላ ብሶባቸው ይመጣሉ። «ለምን እንደሆነ ማጥናት እፈልጋለሁ፤ ግን ምርምር የዶክተሮች ሥራ አይደለም ወይ? ማስተርሱንስ በምን ልማር?» ብለሻል።

የዶክተሮች ብቻ አይደለም። ሐኪሙ ታካሚውን የሚያየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። አንቺ ግን ግፊታቸውን እየለካሽ የልባቸውን ትሰሚያለሽ። አንዷ እናት «ራሴን ሲያመኝ ብቻ ነው የምውጠው» እንዳሉሽ ጽፈሻል። አንድ አባት ደግሞ በፍልሰታ እስከ 9 ሰዓት ስለሚጾሙ የጠዋቱን ኪኒን ይተዉታል። ሁለቱም ካርድ ላይ የሚጻፈው አንድ ነው፦ «መድኃኒት አቋርጠዋል»። ምክንያታቸው ግን ጨርሶ አይገናኝም። ለእናትየው ግፊት ሳያሳምም እንደሚጎዳ ማስረዳት ያስፈልጋል። ለአባትየው ምናልባት ሐኪሙ የመድኃኒቱን ሰዓት ቢያስተካክልላቸው ይበቃል። አንቺ ይህን ልዩነት አይተሻል። የታካሚን ባህሪ የማጥናት ሙያ እምብርቱ እሱ ነው።

ታካሚን ማዳመጥ ለውጥ እንደሚያመጣ በአገራችን አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2005 የኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀመር ብዙ ሰው ጠበል ገብቶ መድኃኒቱን ያቆም ነበር። ታካሚውን መቆጣት ምንም አልፈየደም። እ.ኤ.አ. በ2007 አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው እንደሚወሰዱ በይፋ ሲናገሩ ግን ሰው ከሁለት አንዱን ምረጥ ከመባል ተገላገለ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ደግሞ ደህና የሆኑ ታካሚዎች የስድስት ወር መድኃኒት በአንዴ መውሰድ ጀመሩ። መንገዱ፣ የትራንስፖርቱ ወጪና ወረፋው ለብዙ ሰው ቀላል ሸክም አልነበረም።

አሁን ወደ አንቺ። አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ፦ «ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች» በሚል ርዕስ መመረቂያ አትጻፊ። ቤተ መጻሕፍቱ በእነሱ ተሞልቷል። ዕድሜ፣ ጾታ፣ የትምህርት ደረጃ ብለው ይዘረዝሩና ያበቃሉ። ያልተማሩት ይቀራሉ ተብሎ ከተጻፈ በኋላ ነርሷ ነገ ጠዋት ምን ታድርግ? ጥያቄሽን አጥብቢው። በጾም ወራት የጠዋት ኪኒን የሚተዉት ስንቶቹ ናቸው? ሰዓቱ ቢቀየርላቸው ይወስዳሉ? ይህ ጠባብ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ሥራ ላይ ይውላል።

የውጭ መጠይቅ ስትጠቀሚም ተጠንቀቂ። ጁዲት ሂባርድና የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት መለኪያ በዘርፉ የታወቀ ነው። ታካሚው ጤናውን ለመምራት ያለውን እውቀት፣ ችሎታና በራስ መተማመን ይለካል። ጥሩ መሣሪያ ነው። ግን ለጤናዎ ኃላፊው እርስዎ ነዎት ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ መድኃኒት የሚገዛላቸው ልጃቸው፣ ቀጠሮ የምታስታውሳቸው ምራታቸው የሆኑ እናት ምን ይመልሱ? ዝቅተኛ ነጥብ ያገኛሉ፤ እውነቱ ግን ቤተሰቡ በሙሉ እየተከታተላቸው ነው። እንዲህ ያለውን ክፍተት የምታይው አንቺ ነሽ።

ስትጠይቂ ጋውንሽን አውልቂ። እኔ ድሮ በአንድ ጤና ጣቢያ መረጃ ስሰበስብ ነጭ ለብሼ ነበር። አንድ አዛውንት ለጥያቄዬ ሁሉ «በደንብ እወስዳለሁ» አሉኝ፤ እኔም ቅጹ ላይ ምልክት አደረግሁ። ማታ ጋውኑን አውልቄ ስወጣ በር ላይ አገኘኋቸው። ታክሲ እየጠበቅን ስናወራ መድኃኒቱ ካለቀ ሦስት ሳምንት እንዳለፈው ነገሩኝ። ልጃቸው ሥራ ፈቶ እንደሆነም ጨመሩ። ያ ቅጽ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ማስተርሱን በተመለከተ፣ ለፍላጎትሽ ከክሊኒካል ነርሲንግ ይልቅ የጤና ትምህርትና የጤና ባህሪ ዘርፍ ይቀርባል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ላይ ያተኮረ የትምህርት ክፍል አለው። አዲስ አበባና ጎንደርም የሕብረተሰብ ጤናን ያስተምራሉ። የትም ብታመለክቺ ቃለ መጠይቅ መሥራትና መተንተን በደንብ ይማሩ እንደሆነ የተማሪዎችን አስተያየት ጠይቂ። ቁጥር ብቻ የሚያስተምር ቦታ ግማሹን ያስቀርብሻል።

ሥራሽን ግን አሁን አትልቀቂ። የምርምር ሥራ ብዙውን ጊዜ በኮንትራት ነው፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ደሞዙም ያልቃል። በዕረፍትሽ መረጃ ሰብሳቢ ሆነሽ ግቢ። አበሉ ትንሽ ይሁን እንጂ ኮቦ የተባለውን የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ በታብሌት መጠቀም፣ ፈቃድ መጠየቅ፣ ሰው ሲያመነታ መታገስ ትለምጃለሽ።

እስከዚያው ከሰኞ ጀምሮ ደብተር ያዢ። ስም አይጻፍበት፣ የካርድ ቁጥርም አይጻፍበት። በሳምንቱ ስንት ሰው ከቀጠሮ እንደቀረ ብቻ ቁጠሪ። ይህ ለራስሽ መማሪያ ነው፤ ወደ ጥናት ልትለውጪው ስትፈልጊ የክፍል ኃላፊሽን አማክሪና የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ አውጪ። ወሩ ሲሞላ ጥያቄሽን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈሽ ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።