የአክስትሽ ደብዳቤዎች የውሸት አይመስሉኝም

እህቴ፣ ባሕር ዳር ያሉት አክስትሽ በ1970 ዓ.ም. ሐረር ነርስ ሳሉ ካስታመሟቸው ቁስለኞች የመጡላቸው ደብዳቤዎች፣ ስማቸው የተለያየ ሆኖ የእጅ ጽሕፈታቸው አንድ መሆኑ አጠራጥሮሻል። እኔን ግን አላጠራጠረኝም።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በሐምሌ 1971 ነው። ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት የቆሰለው ብዙ የገበሬ ልጅ ፊደል አልቆጠረም ነበር። አጠገቡ የተኛ ጓደኛው መጻፍ ከቻለ ለሁሉም ይጽፍላቸዋል። እጁን የተመታም ያስጽፋል። ምስጋናውን እንኳ በሰው እጅ መላኩ አንጀቴን ይበላዋል። ረጅሙን ሰላምታ እለፊና መሀሉን በደንብ አንብቢ። የእያንዳንዱ ሰው የራሱ ነገር የሚገኘው እዚያ ነው፤ ቁስሉ፣ እናቱ፣ አገሩ።

ደግሞ ክረምቱ ሳይገባ ቶሎ በይ። የጣና ዳር እርጥበት ወረቀት ያሻግታል። ስኮች አትለጥፊባቸው፣ ላሚኔትም እንዳታስደርጊ። በንጹሕ ነጭ ወረቀት ጠቅልለሽ ካርቶን ውስጥ ክተቻቸው፤ ከወለሉም ከግድግዳውም ይራቁ። ፎቶ አንሺያቸው፣ ግን ስም እየታየ ኢንተርኔት ላይ አትለጥፊ። ቤተሰብ ይኖራቸዋል። ጸሐፊው ማን እንደነበር አክስትሽን ጠይቂያቸው፤ ሲያወሩም ድምፃቸውን ቅጂ።