ሳልሳ ስጨፍር ምቱ ይጠፋኛል

ጥያቄ፦ ሳልሳ መማር ጀምሬያለሁ። ብቻዬን ስለማመድ ደኅና ነኝ፤ የዳንስ ጓደኛዬን ስይዝ ግን ምቱ ይጠፋኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እግርዎ ችግር ያለበት አይመስለኝም፤ ያልለመደው ጆሮዎ ነው። ሳልሳ የሚቆጠረው በ8 ምት ነው። በተለመደው አቆጣጠር በ1፣ 2፣ 3 ይረግጣሉ፣ በ4 ያርፋሉ፤ በ5፣ 6፣ 7 ይረግጣሉ፣ በ8 ያርፋሉ። ጀማሪ ከሰው ጋር ሲጨፍር ይደነግጥና እነዚያን ሁለት ዕረፍቶች ይውጣቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ይዛባል። ተማሪዎቼን ሁሉ መጀመሪያ አስቀምጬ፣ ሙዚቃ ከፍቼ፣ ጮክ ብለው እንዲቆጥሩ አደርጋለሁ። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉ። ደግሞ እርምጃዎን ያሳጥሩ፤ ሰፊ እርምጃ ያዘገያል። የጓደኛዎን እጅ ጨምድደው አይያዙ፣ ወደ መሬትም አይመልከቱ። መዞሩን ለጊዜው ይተዉት፤ አስተማሪዎ ቢቸኩሉ እንኳን መሠረታዊውን እርምጃ እንዲደግሙልዎት ይጠይቁ።