ስንት ደቂቃ ልጠብቅ ላለችኝ ልጅ

ሰሞኑን አንዲት የማስተርስ ተማሪ ደወለችልኝ። የገብስ ቅጠል ለብርሃን የሚሰጠውን ምላሽ ልትለካ ነው፤ ብርሃኑ ሲጨምርና ሲቀንስ ስንት ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚስብ ማለት ነው። «ጋሼ፣ በየብርሃኑ መጠን ስንት ደቂቃ ልጠብቅ? መኪና የተፈቀደልኝ ለግማሽ ቀን ነው» አለች። የማውቀውን ነገርኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን የመኪናው ነገር ሲከነክነኝ አመሸ።

ከዓመታት በፊት ደብረ ብርሃን አጠገብ እኛም ገብስ እንለካ ነበር። ወሩ ጥቅምት፣ የውርጭ ሰሞን። መሣሪያዋ በፕሮጀክት የመጣች ናት፤ ቅጠሉን በቻምበሯ ይዛ ስንት ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚስብ እዚያው ማሳ ላይ የምትናገር። ከግምጃ ቤት በሞዴል 22 ፈርመን ስናወጣት የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ልጁን የሚድር ነበር የሚመስለው። «ባትሪዋን ብርድ እንዳይመታት» እያለ እስከ መኪናው ይሸኘናል። እውነቱን ነው፣ ብርድ ባትሪ ያደክማል። በባና ጠቅልለን ነበር የምናሳድራት።

ያን ቀን ጠዋት ማሳው በአመዳይ ነጥቷል። እርጥብ ቅጠል አይለካምና እስኪደርቅ ቆምን። የገብስ ቅጠል ቀጭን ስለሆነ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትሩን ቻምበር አይሞላም፤ ሁለት ቅጠል ጎን ለጎን፣ ሳይደራረብ አጋደምን። የማሽኗን መብራት 1,800 ማይክሮሞል (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ላይ ከፈትነው። የቀትር ፀሐይ 2,000 ገደማ ነው። ደህና ቅጠል እዚያ ላይ የአየር ቀዳዳዎቹ እየተከፈቱ የሚስበው ቁጥር ቀስ እያለ ይወጣና ይረጋል። የኛው ንቅንቅ አላለም። ወደ 1,000 ወረድን፣ ያው። 500፣ አሁንም ያው። ከ200 በታች ደግሞ ቁልቁል መውረድ የነበረበት የግራፉ መስመር፣ ከርቩ፣ ዘመም ብሎ ቀረ።

«የማሽኗ ችግር ነው» አለ የቡድኑ ኃላፊ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚመጠውን ሶዳ ላይም ቀየርን። ሁለቱን የጋዝ መለኪያዎች አመሳከርን። የቻምበሯን ጠርዝ የሚደፍነው ጋስኬት አጠገብ አፌን አስጠግቼ እፍ አልኩ፤ የሰው ትንፋሽ ከአየሩ መቶ እጥፍ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስላለው የሚያስገባ ክፍተት ካለ ቁጥሩ ይዘላል። አልዘለለም። ማሽኗ ደህና ነበረች።

የማሳው ባለቤት፣ በርኖስ የደረቡ ሽማግሌ፣ ከዳር ሆነው ሲያዩን ቆዩ። «ውርጭ የመታው ገብስ እኮ ነው፤ ቶሎ አይነቃም። ተረተሩ ላይ ያለውን ለምን አታዩትም?» አሉ። ቀና ብዬ አየሁ። ቀዝቃዛ አየር ሌሊት ወደ ረባዳው ይወርዳል፤ እኛ የቆምነውም ረባዳው ላይ ነው። ትንሽ ከፍ ብሎ ያው ዘር፣ በአንድ ቀን የተዘራ፣ አመዳይ ያልነካው ገብስ ቆሟል። ሌሊት ውርጭ ያደረበት ቅጠል ጠዋት ኃይለኛ ፀሐይ ሲያርፍበት ብርሃኑን መጠቀም ያቅተዋል፤ ብርሃኑ ራሱ ይጎዳዋል። ያንን በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ማሳ፣ ታችና ላይ ለክቶ ማሳየት ይቻል ነበር።

ሾፌሩ ክላክስ አደረገ። መኪናው ከሰዓት ለሌላ ቡድን ተይዟል፣ አበሉም አልቋል። ኃላፊያችንን ለመንኩት። «ሪፖርቱ ላይ የማሽን ችግር ብለን እናልፈዋለን» አለ። ታለፈ። ስንመለስ ገብሱ ታጭዶ ነበር፤ በዓመቱ ፕሮጀክቱ ተዘጋ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የሚገርመው ያው ሾፌር ቆላው ሸዋ ሮቢት በወረድን ቁጥር ሽንኩርት ሳይገዛ ተመልሶ አያውቅም። ለሽንኩርት ጊዜ ነበረ።

ወደ ደቂቃው ልምጣ። መጀመሪያ ቅጠሉን በከፍተኛው ብርሃን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አላምዱት። ከዚያ ብርሃኑን እየቀነሳችሁ ወደ ታች ውረዱ፤ በየደረጃው 2 ወይም 3 ደቂቃ ብዙ ጊዜ ይበቃል። እኔ ግን ሰዓት አላይም፣ ቁጥሩ መርጋቱን ነው የማየው። ከታች በኩል ነጥብ አትሰስቱ፤ 150፣ 100፣ 50፣ 20፣ ዜሮ። ቅጠሉ የሚስበውና የሚተነፍሰው እኩል የሚሆኑት እዚያ አካባቢ ነው። ዜሮ ላይ ኔጌቲቭ ሲያሳያችሁ አትደንግጡ፤ በጨለማ ቅጠሉ ይተነፍሳል እንጂ አይስብም። ስለ ቻርጅና ስለ ጽዳት አልነግራችሁም፣ ልጆች አይደላችሁም።

የዛሬ ልጆች አንድ ነገራችሁ ያናድደኛል። አውቶ ፕሮግራሙን ትጫኑና ጥላ ሥር ስልካችሁን ትጎረጉራላችሁ። ከርቩ ቆንጆ ሆኖ ይመጣል፣ ማሳው ላይ ምን እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። እርግጥ እኔም በብርድ ጠዋት አውቶ ላይ ትቼ ሻይ ፍለጋ ሄጃለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ ማን ያህላችኋል፤ እኛ አንዷን ከርቭ ለማስተካከል ኤክሴል ላይ ስንታገል እናድር ነበር።

ከፍታውንም አትርሱ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ከሩብ በላይ ያንሳል። ማሽኑ በሚሊዮን 400 ቢልም ለቅጠሉ የሚደርሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሸዋ ሮቢት 400 ሲል ከሚደርሰው ያነሰ ነው። የጣርማበርን ዋሻ አልፋችሁ፣ ጃኬት አውልቃችሁ ታች ማሽላ ስትለኩ ደግሞ 1,800 ላይም ከርቩ ገና ሲወጣ ልታገኙት ትችላላችሁ። ማሽላም ጤፍም ሲ4 የሚባሉት፣ ሙቀትና ኃይለኛ ብርሃን የሚስማማቸው ናቸው፤ ከገብስ ጋር ባንድ ዓይን አይታዩም።

አንቺ የደወልሽልኝ ልጅ፣ የመኪናውን ጥያቄ ለሙሉ ቀን አድርገሽ እንደገና አስገቢ። እንቢ ካሉሽ ቅጠል ቀንሺ፤ ከረባዳው ሁለት፣ ከተረተሩ ሁለት ለመጀመሪያ ቀን ይበቃሻል። ውርጭ ያደረበት ጠዋት ከገጠመሽ ደግሞ ደውይልኝ። ጡረታ ላይ ነኝ፣ በባጃጅም ቢሆን እመጣለሁ።