ቀይ በተን እምቢ ሲል

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ ደሴ ፒያሳ ላለ የሞባይል ሱቅ ድረ ገጽ እየሠራሁ ነው። «አሁን ይዘዙ» የሚለው በተን አረንጓዴ ነበር፤ ባለሱቁ ቀይ ይሁን አሉ። «በተን-ቀይ» የሚል ክላስ (መልክ የሚሰጥበት መለያ ስም) ሠርቼ ኤችቲኤምኤሉ (የገጹ ይዘት የሚጻፍበት ኮድ) ላይ ከ«በተን» ቀጥሎ ጻፍኩት፣ እምቢ አለ። ከፊቱም አደረግኩት፣ ያው ነው። ኢምፖርታንት (መስመሩ ሌሎቹን እንዲበልጥ የሚያደርግ ቃል) ስጨምርበት ቀይ ሆነልኝ፤ አሁን ደግሞ ማውስ ሲያርፍበት ቀለሙ መቀየሩን ተወ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ይሄ ያላስለቀሰው ሰው የለም። ኤችቲኤምኤሉ ላይ ክላሶቹን ብታቀያይሪ ብታገለባብጪ ብራውዘሩ ደንታ የለውም። እሱ የሚያየው የገጹን መልክ የሚወስነውን ኮድ፣ ሲኤስኤሱን ነው። ሁለት መስመሮች በአንድ ቀለም ሲጣሉ መጀመሪያ የሰሌክተራቸውን (መስመሩ የትኛውን የገጹን ክፍል እንደሚመለከት የሚናገረውን ስም) ክብደት ያወዳድራል፣ እኩል ከሆኑ ብቻ ኋላ የተጻፈው ያሸንፋል።

ክብደቱ ሦስት ቁጥር ነው፦ ሰሌክተሩ ውስጥ ያሉት የአይዲ (የአንድ ክፍል ብቻ መለያ)፣ የክላስ፣ የታግ (የክፍሉ ዓይነት) ብዛት። ንጽጽሩ ከአይዲ ይጀምራል፤ ስለዚህ አንድ አይዲ አሥራ አንድ ክላስ ቢደረደርበትም አይሸነፍም። ያንቺ «.በተን-ቀይ» 0-1-0 ነው። አረንጓዴው «.ካርድ .በተን»፣ ማለትም ካርድ የሚል ክላስ ውስጥ ያለ በተን፣ ተብሎ ተጽፎ ከሆነ (እኔ የምጠረጥረው እሱን ነው) 0-2-0 ስለሚሆን፣ ቀዩን የፋይሉ መጨረሻ ላይ ብታደርጊውም ይረታሻል። ክሮም ላይ በተኑን ራይት ክሊክ አድርገሽ ኢንስፔክት በይ። የተሸነፈው መስመር በላዩ ተሰምሮበት ታዪዋለሽ፣ ሰሌክተሩ ላይ ማውስ ስታሳርፊ ደግሞ ክብደቱን በቁጥር ያሳይሻል።

እኔ ብሆን «.ካርድ»ን ከፊቱ አነሳዋለሁ። «.በተን» ብቻውን ይቅር፣ «.በተን-ቀይ» ከሱ በታች ይጻፍ፣ ኢምፖርታንቱ ይውጣ። አንድ ነገር እንዳትረሺ፦ ሆቨርም (ማውስ ሲያርፍበት የሚሠራው) እንደ አንድ ክላስ ስለሚቆጠር «.በተን:ሆቨር» ከ«.በተን-ቀይ» ይበልጣል፣ ማውስ ሲያርፍ አረንጓዴው ተመልሶ ይመጣብሻል። ለቀዩም የራሱን ሆቨር ከታች ጻፊለት።

ቡትስትራፕ ዓይነት ሌላ ሰው ያዘጋጀው የሲኤስኤስ ኮድ ከጫንሽ ግን በክብደት መፎካከሩ አያዋጣም። ከ2022 ወዲህ ዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች ሌየር (ሲኤስኤሱን በደረጃ የሚከፋፍል ትእዛዝ) ይቀበላሉ። የሰውየውን ኮድ አንድ ሌየር ውስጥ ትከቺዋለሽ፣ የራስሽን ከሱ ቀጥሎ በሚመጣ ሌየር፤ ከዚያ በኋላ የነሱ ሰሌክተር የፈለገውን ያህል ቢከብድ ያንቺው ያሸንፋል። ሌየር ውስጥ ያልገባ ተራ ሲኤስኤስ ሌየር ውስጥ ያለውን ሁሉ ይበልጣል፣ ኢምፖርታንት ሲገባ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፣ መጀመሪያ የተጻፈው ሌየር አሸናፊ ይሆናል። ብዙ ሰው እዚች ጋ ነው ግራ የሚጋባው።

ቴይልዊንድ (ዝግጁ ክላሶች የሚሰጥ መሣሪያ) ላይም ብትሆኚ ያው ነው፣ ሁለት የቀለም ክላስ አንድ በተን ላይ ብትደረድሪ የሚወስነው የተፈጠረው ሲኤስኤስ ፋይል ቅደም ተከተል ነው።

ኢምፖርታንትን ጨርሰሽ እርም በይው አልልሽም። «ደብቅ» ለሚል፣ ምንም ቢመጣ መደበቅ ላለበት ክላስ እኔም እጠቀምበታለሁ፤ ለቀለም ግን አይሆንም። ሌየር ከተጠቀምሽ ደግሞ ባለሱቁ ጋ ካሉት አሮጌ ስልኮች ባንዱ ክፈቺና እዪው፣ ብራውዘሩ ካልታደሰ ሌየር ውስጥ ያለውን በሙሉ ዘሎት ገጹ ራቁቱን ይወጣል።